ቆራሌው ከመምጣቱ በፊት

ለጅማ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በከተማችን ላሉ መሥሪያ ቤቶች ንብረት ክፍሎች፣ እንዲሁም ለርዕሳነ መምህራንና ለወላጅ ኮሚቴዎች

ጉዳዩ፦ አሮጌ ኮምፒውተሮች በኪሎ ከመሸጣቸው በፊት ለትምህርት ቤቶች እንዲታዩ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ሁሉ፣

ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ሕርማታ መርካቶ አካባቢ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ አለችኝ። እጄ የለመደው ብሎን መፍቻ ነው፤ ደብዳቤው ከረዘመ ታገሱኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ መሥሪያ ቤት ጠራኝ። ስሙ ይቅር። የሂሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ተቃጥሎበታል። «መለዋወጫ ከአሮጌዎቹ ውስጥ ፈልግ» ተባልኩና ግምጃ ቤቱ ተከፈተልኝ። ጣሪያው ያፈሳል። ጥግ ላይ ሲፒዩ በሲፒዩ ላይ ተከምሯል፤ ከላይ አሮጌ መጋረጃ ጣል ተደርጎበታል። ቆጠርኳቸው፤ 34 ናቸው።

«እነዚህስ?» አልኩት የግምጃ ቤቱን ኃላፊ።

«የሞቱ ናቸው። ኮሚቴው ሲወስን ቆራሌው በኪሎ ይወስዳቸዋል» አለኝ።

አንዱን አወረድኩት። ክዳኑን ስከፍተው አቧራው እንደ በሶ ቦነነ። ራሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ ሥራውን የሚይዝበትን ካርድ፣ ነቀልኩ። ወርቃማዎቹ ጥርሶቹ በጅማ እርጥበት ጠቁረዋል። ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ላጲስ አለች፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ የምትይዛት ዓይነት። ጥርሶቹን በላጲሷ አሸት አሸት አደረግኩና መልሼ ሰካሁት። ቁልፉን ስጫነው አንድ ጊዜ «ቢፕ» አለ። ስክሪኑ በራ። የሞተ የተባለው ኮምፒውተር በሽታው በላጲስ የሚድን ነበር።

ሁሉም እንዲህ ነበሩ ብዬ አልዋሽም። በዚያ ቀን ጊዜ ስለነበረኝ 10 ሞከርኩ። 6ቱ ተነሱ። የሁለቱ ማዘርቦርድ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ካፓሲተር የሚባሉት ትንንሽ ጣሳ መሳይ ክፍሎች አናታቸው አብጦ ፈንድተዋል። አንዱ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታለች። አንዱ ደግሞ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከተነሱት 6 ውስጥ ግን ሃርድ ዲስኩ፣ ሲስተምና ፋይል የሚቀመጥበት፣ ደህና የሆነው የሁለቱ ብቻ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ይህ ክምር ደግሞ ገና ይጨምራል። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ መራጭ ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለውን ፕሮሰሰር፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አይቀበልም። በከተማችን ቢሮዎች ጠረጴዛ ላይ ከማያቸው ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። አንዳቸውም አልተበላሹም። ግን «አሮጌ ነው፣ አይቀበልም» ተብለው አንድ በአንድ ወደዚያ መጋረጃ ሥር መሄዳቸው አይቀርም።

«ታዲያ ለትምህርት ቤት እንስጣቸው» የሚል ደግ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ተሰጥቶም አይቻለሁ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ትምህርት ቤት 20 ኮምፒውተር በስጦታ አገኘ። ምረቃ ተደረገ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ቆሎና ለስላሳ ቀረበ። በዓመቱ ስሄድ የሚሠሩት 5 ናቸው። ማንም አልሰረቀም፤ ማንም አልሰበረም። አንዱ ከፍላሽ በመጣ ቫይረስ ተይዟል። አንዱ መብራት ድንገት ሲሄድ ዲስኩ ተጎድቷል። አንዱ ላይ ልጆቹ ሴቲንግ ሲነካኩ የገባ የይለፍ ቃል አለ፤ የሚያውቀው የለም። የአይሲቲ መምህሩ ምስኪን ነው። በሳምንት ስንትና ስንት ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፤ በዚያ ላይ ማታ ማታ ፎርማት ያደርጋል። አንዱን አድኖ ሳይጨርስ ሌላው ይወድቃል። ሃያ ኮምፒውተር ማለት ሃያ በሽተኛ ነው፤ ሐኪሙ ግን አንድ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ ሲመጣ ተማሪ የነበርን ይህን ታሪክ እናውቀዋለን። ሲሠራ አፍጥጠን እናይ ነበር። የቆመ ቀን ግን ቆመ፤ የሚያስነሳው ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

እኔ የምለው ሌላ መንገድ አለ ነው። አዲስ አይደለም፤ የኔም ፈጠራ አይደለም። ቲን ክላይንት ይሉታል። «ቀጭን ደንበኛ» ብሎ የተረጎመም አጋጥሞኛል፤ እሱን ስሰማ ሱቄ ደጃፍ ቆሞ ዱቤ የሚለምን ሰው ነው የሚታየኝ። በቡና ባስረዳ ይሻላል፤ ያለነው ጅማ ነው።

ቡና ሲፈላ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ ጀበና አንጥድም። ጀበናዋ አንድ ናት። ሲኒዎቹ ብዙ ናቸው። ሲኒ ቡና አያፈላም፣ እሳት አይፈልግም፣ የተቀዳለትን ይይዛል። ጫፉ ሸረፍ ያለ ሲኒም ቡናውን ይይዛል። የቡናው ጣዕም የሚወሰነው ጀበናዋ ላይ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉም እንዲሁ ይሆናል። አንድ ጠንካራ ኮምፒውተር ይቀመጣል፤ ሰርቨር እንበለው። አሮጌዎቹ በኬብልና ኬብሎቹን በሚያገናኘው ሳጥን፣ በስዊች፣ ከእሱ ጋር ይያያዛሉ። ሥራውን የሚሠራው ሰርቨሩ ነው። ልጁ ፊት ያለው አሮጌ ማሽን የተመታለትን ቁልፍ ወደዚያ ይልካል፣ የሚመጣለትን ምስል ያሳያል። በቃ።

ሻል ያለ ጉልበት የቀረላቸው ማሽኖች ሲሆኑ ደግሞ ሁለተኛ ዘዴ አለ። ቡናው ተቆልቶ ተወቅጦ ይላክላቸዋል፤ እዚያው ያፈላሉ። ሲስተሙንና ፋይሉን ከሰርቨሩ በኬብል እየተቀበሉ በራሳቸው ፕሮሰሰርና ራም ይሠራሉ ማለቴ ነው። ሰርቨሩ በጣም ይቀለዋል። እኔ ሁለቱንም ቀላቅዬ ነው የምጠቀመው።

አሁን ወደ ሃርድ ዲስኩ ልመለስ። በሁለቱም ዘዴ አሮጌው ማሽን ሃርድ ዲስክ አያስፈልገውም። ሲበራ ኤፍ 12 ይጫናል፤ ወይም ባዮስ በሚባለው የማሽኑ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ «በኔትወርክ ተነሳ» ብሎ አንዴ ማስተካከል ነው። የኔትወርክ ካርዱ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ይጣራል። መልስ ሰጪው አድራሻውን ይሰጠዋል፤ የሚነሳበት ፋይል የት እንዳለም ይነግረዋል። ፋይሉ በኬብል ይመጣል፣ ራም ላይ ያርፋል፣ ስክሪኑ ላይ ስምና የይለፍ ቃል መጻፊያ ብቅ ይላል። በአሮጌ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ዲስኩ ነው። እዚህ ዲስኩ ከነጭራሹ የለም። ከተነሱት 6 ውስጥ በዲስክ ቢሆን 2 ብቻ ነበሩ የሚጠቅሙት፤ በዚህ ዘዴ 6ቱም ይጠቅማሉ።

ዲስክ የሌለው ማሽን ቫይረስ አያስቀምጥም። ልጅ ሴቲንጉን ቢያምሰው አጥፍቶ ማብራት ነው፤ እንደ አዲስ ይመጣል። መብራት ድንገት ቢሄድ የሚጎዳ ዲስክ ውስጡ የለም። መምህሩ አዲስ ፕሮግራም መጫን ቢፈልግ ሰርቨሩ ላይ አንዴ ይጭናል፤ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ሃያው በሽተኛ አንድ ሆነ ማለት ነው።

ይህን የሚሠራው ሶፍትዌር ኤል ቲ ኤስ ፒ ይባላል። ሊኑክስ በሚባለው፣ የዊንዶውስን ቦታ በሚይዝ ሲስተም ላይ ይሠራል፤ ነፃ ነው፣ ፈቃድ አይገዛም። በፈረንጆቹ 1999 ጂም ማክዊላን የሚባል አሜሪካዊ ጀመረው። በ2019 አልኪስ ጊዮርጎፑሎስ የሚባል ግሪካዊ እንደ አዲስ ጻፈው። ግሪክ ውስጥ ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። እዚያው ግሪክ የተሠራ ኤፖፕቴስ የሚባል ሌላ ፕሮግራምም አለ። መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ የሁሉንም ልጆች ስክሪን በአንድ ያያል። «ወደ እኔ ተመልከቱ» ሲል ሁሉንም ባንዴ ይቆልፋል። ይህን ሳሳየው አንድ መምህር «ይህንንማ ብቻውን እንኳ ብትሰጠኝ» ብሎኛል።

ወሬ ብቻ አይደለም። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ 14 ማሽን አያይዤ ሞክሬዋለሁ። የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ያጠፋሁትን ሁሉ ልናገር ስለሆነ እነሱ እንዳያፍሩ።

የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር። ርዕሰ መምህሩ አሉ፣ ከወላጅ ኮሚቴ ሁለት ሰዎች አሉ፣ ልጆቹ በመስኮት ተንጠልጥለዋል። አበራሁ። 8ቱ ተነሱ፤ 6ቱ ጥቁር ስክሪን ይዘው ቀሩ። አጥፍቼ አበራሁ። አሁን ደግሞ ሌሎች 5 ቀሩ። ላቤ ጠብ አለ። ግማሽ ሰዓት ከተርመሰመስኩ በኋላ ነው የገባኝ። የጽሕፈት ቤቱን ዋይፋይ የሚያድለው ራውተር እኔ በማላውቀው ኬብል እዚያው ስዊች ላይ ተሰክቷል። እሱም አድራሻ ያድላል፣ ሰርቨሬም ያድላል። ድንኳን ውስጥ ሁለት አስተናጋጅ ቆሞ እንግዳውን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ እንደሚለው ነው። ከራውተሩ የተቀበለው ማሽን አድራሻ አለው፤ ሲስተሙ የት እንዳለ ግን የነገረው የለም። ራውተሩን ነቀልኩት። 14ቱም ተነሱ። በኋላ ሰርቨሩ አድራሻ ማደሉን ለራውተሩ ትቶ የሚነሱበትን ፋይል ብቻ እንዲነግር አድርጌ አስተካከልኩት፤ ይህም ይቻላል።

ሁለተኛው ጥፋት ስዊቹ ነው። ከሱቄ ያመጣሁት አሮጌ ባለ 100 ሜጋቢት ነበር። ጠዋት ሁሉም አንድ ላይ ሲበሩ እስኪነሱ 8 ደቂቃ ፈጀ። የክፍለ ጊዜው አንድ አምስተኛ በመጠበቅ አለቀ። ጊጋቢት ስዊች ገዝተን በሰርቨሩና በስዊቹ መካከል ደህና ኬብል ሲገባ ወደ 2 ደቂቃ ወረደ። ገመድ ከመጎተታችሁ በፊት እዚህ ላይ ገንዘብ አውጡ።

ሦስተኛው ያሳዝነኛል። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ የሰርቨሩ ዲስክ ሞተ። የልጆቹ የአንድ ወር ሥራ አብሮ ሄደ። ጥፋቱ የኔ ነው። የሌላ ሰው ዲስክ ሲሞት «ባክአፕ የለህም?» እያልኩ ስመክር የምውል ሰውዬ ራሴ አላደረግኩም ነበር። ጀበናዋ ከተሰበረች ሲኒው ሁሉ ባዶ ነው፤ የዚህ ዘዴ ትልቁ ድክመት ይኸው ነው። አሁን ሰርቨሩ ውስጥ ሁለት ዲስክ አለ፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላኛው ላይም ይጻፋል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ መምህሩ ወደ ውጭ ዲስክ ይገለብጣል።

ትንንሹን ልዝለለው፤ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። መምህሩ ስልክ ደውሎ «በየቀኑ ጠዋት ሦስት ማሽን ኤፍ 1 ተጫን ይለኛል፣ ከዚያም በኔትወርክ መነሳቱን ይረሳል» አለኝ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ የሰዓት ባትሪ ናት፤ ሲአር 2032 ትባላለች። እሷ ስታልቅ ማሽኑ ማታ የተነገረውን ጠዋት አያስታውስም። አሮጌ ኮምፒውተር ሲመጣ ሳትጠይቁ ባትሪውን ቀይሩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ያየሁትን ላካፍላችሁ። አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ስለ ቤተሰቧ በአማርኛ እየጻፈች ነበር። ኪቦርዱ ላይ ፊደል አልተለጠፈም፤ በላቲኑ ድምፅ ስትመታ ፊደሉ ይወጣል። አጠገቧ ያለው ልጅ በአፋን ኦሮሞ ይጽፋል፤ ለቁቤ የተለየ ነገር አያስፈልግም። መሀል ላይ የእሷ ማሽን ጠፋ፤ ፓወር ሰፕላዩ ነበር። ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች። «ሂጂ እዚያኛው ላይ ስምሽን ጻፊ» አልኳት። ሄዳ ስሟንና የይለፍ ቃሏን አስገባች። ቅድም ሴቭ ያደረገችው ጽሑፍ እዚያ ቁጭ ብሏል። «ውይ! ተከተለኝ!» ብላ ጮኸች። ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ እንጂ ማሽኑ ውስጥ እንዳልሆነ ማስረዳቱን ተውኩት። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ወንበር መቀያየር ጨዋታ አደረጉት፤ ፋይሉ መከተል አለመከተሉን ለማየት።

የማይሆነውንም ልናገር። ስክሪን ብቻ ሆነው የሚያገለግሉት ማሽኖች ላይ ቪዲዮ አይሞከርም፤ ኔትወርኩን ይበላዋል። የኢንተርኔት ብሮውዘር ራም ይግጣል። 16 ጊጋ ራም ያለው ሰርቨሬ ጽሑፍና ሂሳብ ለሚሠሩት በቂ ነበር፤ ሁሉም ባንዴ ብሮውዘር ሲከፍቱ ግን ማንኮራፋት ጀመረ። ስለዚህ ኢንተርኔቱን ትተን ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት በሚያስነብበው ፕሮግራም፣ በኪዊክስ፣ አውርደን ሰርቨሩ ላይ አስቀመጥን። ኢንተርኔት ቢቆራረጥም ልጆቹ ያነባሉ። ለሂሳብ ጂኦጂብራ፣ ለትንንሾቹ ጂኮምፕሪ፣ ለጽሑፍ ሊብሬኦፊስ አለ። ሁሉም ነፃ ናቸው።

የትኛውም አሮጌ ማሽን ይሆናል ማለትም አይደለም። በፈረንጆቹ 2006 የወጣው ኮር ቱ ዱዎና ከዚያ ወዲህ ያለው ይሆናል። 1 ጊጋ ራም ያለው ለስክሪንነት፣ 2 ጊጋና ከዚያ በላይ ያለው በራሱ ለመሥራት። ከዚያ በታች ያሉትን፣ እነዚያን የድሮ ፔንቲየሞች፣ ተዉአቸው። የዛሬዎቹ ሊኑክሶች ባለ 32 ቢት ማሽን መደገፍ እያቆሙ ነው፤ ልፋቱ አያዋጣም። ከኋላቸው ጎርበጥ ያሉትን ባለ ቱቦ ስክሪኖችም ለልጆች አትስጡ። መብራት ይበላሉ፣ መስታወታቸው ውስጥ እርሳስ አለ። ሜዳ ላይም አይጣሉ፣ አይቃጠሉ።

መብራት ካነሳሁ፣ «ይህ ሁሉ አሮጌ ማሽን ቆጣሪውን ያበረዋል» የሚል ሰው አለ። አንድ ኮር ቱ ዱዎ ከጠፍጣፋ ስክሪኑ ጋር ወደ 100 ዋት ገደማ ይወስዳል። 15ቱ 1,500 ዋት ናቸው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3,500 ዋት ያላነሰ ይወስዳል። ክፍሉ ሙሉ ሲሠራ የግማሽ ምጣድ ያህል እንኳ አይሆንም። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ የሚያስፈልገው ለሰርቨሩና ለስዊቹ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ልጆቹ ፊት ያሉት ይጠፋሉ፤ ሴቭ የተደረገው ሁሉ ግን ሰርቨሩ ላይ በሰላም አለ። በክረምቱ መብረቅ ምክንያት አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ አድርጉት፤ ኬብል ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በአየር ላይ አትዘርጉ።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቶቹ ልምጣ። ንብረት ክፍል ሄጄ ይህን ሳነሳ ሁለት መልስ እሰማለሁ።

አንዱ «ውስጡ የመሥሪያ ቤቱ መረጃ አለ» የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ሊፈራ ይገባል። ቆራሌ የወሰደው ዲስክ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅምና። መልሱ ግን ቀላል ነው። ዲስኩን ንቀሉና አስቀሩ። እኛ ዲስኩን አንፈልገውም። ከፈለጋችሁ በመዶሻ ስበሩት፤ እኔ መዶሻውን አመጣለሁ። በኪሎ ከመሸጥ ይልቅ በዚህ መንገድ ለትምህርት ቤት መስጠት ለመረጃችሁ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው «በመዝገብ ያለ ንብረት ነው፣ ዝም ብሎ አይወጣም» ነው። ይህም ትክክል ነው። ግን በኪሎ ሲሸጥም በወረቀት ነው የሚወጣው። ከዚህ የወጪ ደረሰኙ ሞዴል 22 ይቆረጣል፤ ትምህርት ቤቱ በገቢ ደረሰኙ በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋል። ያው ወረቀት ነው፤ መድረሻው ብቻ ተለወጠ። አስወጋጅ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ከመሸጡ በፊት አንድ ባለሙያ ገብቶ ይፈትሽ ቢል ጉዳዩ ያልቃል። ፍተሻው ለአንዱ ማሽን ሩብ ሰዓት ነው፤ ላጲሱን ጨምሮ።

እዚህ ላይ ግን ለትምህርት ቤቶቹም ልከራከር። ይህን ሐሳብ ስጽፍ የምፈራው አንድ ነገር ነው። «ለትምህርት ቤት ሰጠን» ተብሎ ሙሉ ክምሩ፣ የፈነዳውም የአይጧም፣ በመኪና ተጭኖ ትምህርት ቤት ግቢ ይራገፋል። ፎቶ ይነሳል። ከዚያ የትምህርት ቤቱ መጋዘን በተራው መጋረጃ ይለብሳል፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ በመዝገብ የገባ ንብረት መጣል አይችሉም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ «ይህን አልቀበልም» የማለት መብት ይኑረው። እዚያው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተሞክሮ «ቢፕ» ያላለ ማሽን ላይ ማንም አይፈርም።

ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የምጠይቀው ገንዘብ ብዙ አይደለም። አንድ ደህና ሰርቨር ያስፈልጋል። ያገለገለ ኮር አይ 7 ዴስክቶፕ ሆኖ ራሙ 32 ጊጋ ቢደረግና ሁለት ዲስክ ቢገባለት ለአንድ ክፍል ይበቃል። ጊጋቢት ስዊች፣ ኬብል፣ ዩፒኤስ፣ አንድ እፍኝ የሰዓት ባትሪ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም። ከገንዘቡ በላይ የምፈልገው ለአይሲቲ መምህሩ ጊዜ ነው። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ከማስተማር ተቀንሶለት ሰርቨሩን ይይ። ይህ በደብዳቤ ይጻፍለት፤ በቃል የተሰጠ ጊዜ የፈተና ሰሞን ይወሰዳል። መምህሩ ሲዛወርም የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ርዕሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ ይቅር። ይህን ባለማድረግ የቆመ ክፍል አይቻለሁና ነው።

ሰው የለንም እንዳትሉኝ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እያወጣ በማስተማር የታወቀ ነው። የጤና ተማሪዎች በየሰፈሩ ሲዞሩ አድገናል። በዩኒቨርሲቲው ቂቶ ፉርዲሳ ግቢ ያሉት የኮምፒውተር ተማሪዎችም አንድ ክፍል ቢተክሉ ለእነሱ ትምህርት ነው፤ ለእኛ ክፍል ነው። እኔ በአንድ ወር የሠራሁትን እነሱ በሳምንት ይጨርሱታል፤ ባክአፕም አይረሱም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለምን አሁን ትሉኝ ይሆናል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ሱቄ የሚመጡ ወላጆች «ልጄ ማውዝ ይዞ አያውቅም፣ በአንድ ቅዳሜ አስተምርልኝ» ይሉኛል። አስተምራለሁ፣ ምን አደርጋለሁ። ግን ጥያቄውን እያወቀ ጠቋሚዋን ፍለጋ ደቂቃ የሚያልቅበት ልጅ አለ። የዚህ ልጅ ችግር የሚፈታው ከ5ኛ፣ ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ኪቦርድ ቢነካ ነው። ለዚህ ደግሞ አዲስና ፈጣን ማሽን አያስፈልግም። አዲስ ኮምፒውተር አትግዙ አላልኩም፤ ከተገኘ እሰየው። እስኪገኝ ግን ልጁ ክፍል እያለፈ ነው።

በአንድ ትምህርት ቤት እንጀምር። የትኛው እንደሚሆን እናንተ ምረጡ። መስኮቱ የሚዘጋ፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ በሩ ብረት የሆነ አንድ ክፍል ካለው ይበቃል። ተከላውን በነፃ እሠራለሁ፤ ለአንድ ዓመትም ሲበላሽ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ግን ያንን ክምር የመፈተሽ ፈቃድ እፈልጋለሁ። ያ መሥሪያ ቤት ይህን ሲያነብ ራሱን ያውቃል። ሌሎቻችሁም መጋረጃ የለበሰ ክምር ካላችሁ ሱቄ ብቅ በሉ። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለና መቼ እንደሚገኝ ብቻ ይነገረኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን እችላለሁ። ላጲሱንና ባትሪዎቹን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕርማታ መርካቶ ኮምፒውተር ጠጋኝ
ጅማ